እኔ የኃይሌ ሰው ነኝ፤ ግን ቀነኒሳ ያሸንፋል

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙ። እየነዳችሁ ከሆነ ዝጉትና ኤርፖርት ወረፋ ስትይዙ አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ጠና ያለ ሰው ከፒችትሪ ኮርነርስ ጭኜ ወደ ኤርፖርት እወርዳለሁ። መሀል ከተማውን አልፈን በግራ በኩል ስታዲየሙ ብቅ ሲል "አሊ በ1996 ችቦውን የለኮሰው እዚህ ነው" አለኝ። ቀጠለና "አሊና ታይሰን ሁለቱም በጉብዝናቸው ጊዜ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አሊ አልኩ፣ እሱ ታይሰን አለ። ሻንጣውን አውርጄለትም ክርክሩ አላለቀም።

እኔ ግን ያንን ስታዲየም የማውቀው በሌላ ሰው ነው። አሊ ችቦውን ከለኮሰ ከ10 ቀን በኋላ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እዚያው ፖል ቴርጋትን ቀድሞ የ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ወሰደ። ትራኩ ከመጠንከሩ የተነሳ እግሩ ተላልጦ 5 ሺውን ሳይሮጥ ቀረ። የእኛ አሊና ታይሰን እንግዲህ ኃይሌና ቀነኒሳ ናቸው።

እሁድ ዕለት እዚሁ ሰፈር ቡና ላይ ጥያቄውን ጣል ባደርገው ሰው ሊጣላ ደረሰ። አንዱ ወንድሜ "ቀነኒሳን ከኃይሌ ጋር አንድ ላይ መጥራት ራሱ ድፍረት ነው" ብሎኝ ተነስቶ ሄደ። ስምህን አልጠራም፣ ራስህን ታውቃለህ። ይህ መልስህ ነው።

የቦክስ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት "የየትኛውን ዓመት ሰውዬ ነው የምታጋጥመው?" ብለው ነው። እኛም የ1998ቱን ኃይሌ ከ2005ቱ ቀነኒሳ ጋር እናቁም። ኃይሌ በዚያ ዓመት ጁን ላይ በ12 ቀን ልዩነት 10 ሺውን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ፣ 5 ሺውን በ12 ደቂቃ ከ39.36 ሰከንድ ሮጦ ሁለቱንም ክብረ ወሰን ሰበረ። ቀነኒሳ በ2004 5 ሺውን ወደ 12 ደቂቃ ከ37.35፣ በ2005 ብራስልስ ላይ 10 ሺውን ወደ 26 ደቂቃ ከ17.53 አወረደው። በ10 ሺው መካከላቸው ያለው 33 ሜትር ገደማ ነው። ግን አሯሯጩም አየሩም ትራኩም ይለያያል፣ ስለዚህ በሰዓት ብቻ አልፈርድም። ወደ እናንተ ክርክር ልምጣ።

አንደኛ፦ "ቀነኒሳ ያሸነፈው ያረጀውን ኃይሌን ነው" ትላላችሁ። የአቴንሱን 2004 እቀበላችኋለሁ፤ ኃይሌ ጅማቱን ታሞ ነበር። የቤጂንጉንም ተዉት። ግን የ2003ቱን ፓሪስ ምን ልታደርጉት ነው? ሁለተኛውን 5 ኪሎ ሜትር ከ13 ደቂቃ በታች ሮጠው ነው ቀነኒሳ በ26 ደቂቃ ከ49.57፣ ኃይሌ በ26 ደቂቃ ከ50.77 የገቡት። ኃይሌ 30 ዓመቱ፣ ቀነኒሳ 21። አርጅቷል? ያው ኃይሌ ከ12 ቀን በኋላ ብራስልስ ላይ 26 ደቂቃ ከ29.22 ሮጠ። በሕይወቱ ሙሉ ከዚያ የፈጠነ 10 ሺህ የሮጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም የ1998ቱ ክብረ ወሰን። ያረጀ ሰው እንዲህ ይሮጣል እንዴ? ጀማሪው እኮ ቀነኒሳ ነበር! በትራክ የመጀመሪያ 10 ሺውን የሮጠው በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሄንግሎ ውስጥ ነው፤ እዚያም ኃይሌን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀደመው። "አርጅቷል" የሚለውን ቃል ተጠንቀቁት። በ1996 ይህን ቃል ለአትላንታው ልጅ ለሆሊፊልድም ሰጥተውት ነበር፤ በ34 ዓመቱ ታይሰንን በ11ኛው ዙር አስቆመው።

ሁለተኛ፦ "የኃይሌን አጨራረስ ማንም አይችለውም" ትላላችሁ። ይህ ጠንካራው ክርክራችሁ ነው፣ አልክድም። በ1999 በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ3 ሺህ ብቻ ሳይሆን በ1500 ሜትርም ወርቅ የወሰደ ሰው ነው። ሲድኒ ላይ ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው ያልጮኸ ሐበሻ ማን ነው? ነገር ግን ልብ በሉ፤ የኃይሌ ትልቁ መሣሪያ ጠብቆ ጠብቆ በመጨረሻዋ ዙር መፈትለክ ነበር። ያው መሣሪያ ቀነኒሳም እጅ ነበር፤ ቤጂንግ ላይ የ10 ሺውን የመጨረሻ ዙር ከ54 ሰከንድ በታች ነው የሮጠው። ቀነኒሳ ግን ሌላም መንገድ ነበረው። እዚያው ቤጂንግ በ5 ሺው ደወሉን አልጠበቀም፤ የመጨረሻውን 1600 ሜትር ከ4 ደቂቃ በታች ሮጦ ሁሉንም አንድ በአንድ አራገፋቸው። ብትጠብቀው ይቀድምሃል፣ ባትጠብቀው ይነቅልሃል።

ሦስተኛ፦ "አቴንስ ላይ በኤል ጉሩጅ ተሸንፏል" ትላላችሁ። አዎ፣ በ5 ሺህ፣ በ20 መቶኛ ሰከንድ። ታዲያ ከዚህ ኃይሌ ያሸንፈው ነበር የሚለው እንዴት ይወጣል? ፍሬዘርና ኖርተን አሊን አሸንፈውት ነበር። ፎርማን ሁለቱን በየተራ በሁለት ሁለት ዙር ጣላቸው። በእናንተ ሒሳብ ፎርማን አሊን በአንድ ቡጢ መጨረስ ነበረበት። በ1974 ኪንሻሳ ላይ በ8ኛው ዙር መሬት የወደቀው ግን ፎርማን ነው። ማራቶንን ደግሞ አታምጡብኝ። ኃይሌ ክብረ ወሰኑን በርሊን ላይ ሁለት ጊዜ ሰበረ፣ ቀነኒሳ በ2019 እዚያው ለ2 ሰከንድ አጣው። ጫማውም ዘመኑም ሌላ ነው።

ቦክሰኛ የሚለየው ከወደቀ በኋላ ነው ይላሉ። ጃንዋሪ 2005 የቀነኒሳ እጮኛ ዓለም ተጫለ አብረው ልምምድ ላይ እያሉ ወድቃ አረፈች። 18 ዓመቷ ነበር፤ እሷም በ1500 ሜትር የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮን ነበረች። በዚያው ክረምት በቤት ውስጥ ውድድር ሲሸነፍ ብዙ ሰው "አበቃለት" አለ። በማርች የዓለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም በሁለት ቀን ውስጥ አሸነፈ። በኦገስት ሄልሲንኪ ላይ የ10 ሺውን ወርቅ ወሰደ። በዚያው ወር ብራስልስ ላይ ያንን 26 ደቂቃ ከ17.53 ሮጠ፤ ለ15 ዓመት የነካው አልነበረም። የ2005ቱን ቀነኒሳ የመረጥኩት በዚህ ነው። ከዚያ ሐዘን የተነሳን ሰው በ25 ዙር ማን ሊያደክመው ይችላል?

እንግዲህ ማስረጃው ይህን ያህል ከሆነ ለምን ይቆጨናል? እኔ ልንገራችሁ። ተሳፋሪ "ከየት ነህ?" ይላል። "ከኢትዮጵያ" ስትል ፊቱ ላይ ረሃቡን ታያለህ። አንድ ቀን አንዱ "ኦ፣ ያ ሯጩ!" ያለኝ ጊዜ ወገቤ ቀና አለ። ያንን መልስ የሰጠን ኃይሌ ነው። በዚያ ላይ ፈገግታው! ቀነኒሳ ሲመጣ ማሸነፍ ለምደን ነበር፤ ወርቅ ሲያመጣ "ድሮስ!" አልን፣ ሲታመም "አለቀለት" አልን፣ ዝምታውን ኩራት አደረግንበት። የኃይሌን ውለታ ከቀነኒሳ ኪስ አውጥተን እየከፈልን ነው። ይህ ደግሞ ኃይሌንም አያስከብርም።

አንዳንዱ ጭራሽ ነገሩን ወደ ፖለቲካ ይጎትተዋል። ሁለቱም የአርሲ ልጆች እኮ ናቸው! ከአሰላ በቆጂ ማለት ከዚህ ከፒችትሪ ኮርነርስ ኤርፖርት ደርሶ ትንሽ ማለፍ ነው።

የአቴንሱን 10 ሺህ እንደገና እዩት። ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ከፊት ሆነው እየዞሩ ወደ ኋላ ያያሉ። የሚፈልጉት ኃይሌን ነው። ወርቁ ከፊቱ እያለ ኃይሌን ዞሮ የፈለገ ልጅ ነው፣ ዛሬ እኛ በኃይሌ ስም የምንሰድበው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የመጣው እሁድ ቡናው እኔ ቤት ነው። የኃይሌን ፎቶ ከግድግዳዬ አላወርድም። ግን አጠገቡ አንድ ሚስማር መትቻለሁ፤ የቀነኒሳን ፎቶ ይዘህልኝ ና።

የማትስማሙ ጻፉልኝ፣ በማስረጃ ይሁን። ስድብ አጠፋለሁ። ቸር ያሰማን።