ድልድይ ይሠራ፣ ጥያቄ ግን አይነሣ

ሆሳዕና ውስጥ አንድ ድርጅት ምን ቢሠራ ይመሰገናል? የውኃ ጉድጓድ ቢያስቆፍር፣ ለተማሪ ደብተር ቢያድል፣ ለጤና ጣቢያ አልጋ ቢገዛ ይመሰገናል። ባለሥልጣን መጥቶ ሪባን ይቆርጣል፣ ፎቶው በኮሙኒኬሽን ገጽ ላይ ይለጠፋል። ያው ድርጅት «ይህ ጉድጓድ በወረዳው በጀት ያልተቆፈረው ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅስ? ያኔ «ከተልዕኮው ወጣ» ይባላል።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች የሲቪል ማኅበረሰብ ችግር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠራው የገንዘብ እጥረት ነው። የገንዘቡ መጥፋት እውነት ነው። ዋናው በሽታ ግን እሱ አይደለም። ዋናው በሽታ መስጠት የተፈቀደ፣ መጠየቅ ግን የሚያስፈራ መሆኑ ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሆሳዕና ብዙም ሳይርቅ ዱራሜ አለ።

ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ከአሜሪካ ተመልሰው በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በከምባታ ሥራ ሲጀምሩ የአገር ሽማግሌዎች ያቀረቡላቸው ጥያቄ ስለ ግርዛት አልነበረም። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ነበር የጠየቁት። ድልድዩ ተሠራ። እሳቸውና እህታቸው ያቋቋሙት ድርጅት፣ ኬኤምጂ፣ ስሙ «የከምባታ ሴቶች አብረው ሲቆሙ» እንደ ማለት ነው። ድርጅቱ በድልድዩ አላበቃም። ሽማግሌውን፣ ቄሱን፣ ፓስተሩን፣ እናቲቱንና ልጃገረዷን አንድ ላይ አስቀምጦ ማንም ጮክ ብሎ የማያወራውን አወያየ፦ «ሴት ልጆቻችንን ለምን እንገርዛለን?» ከሞላ ጎደል እያንዳንዷን ሴት ይነካ የነበረው ድርጊት በአሥር ዓመት ገደማ ወደ 3 በመቶ መውረዱ ተነገረ። በ2005 ዓ.ም. ዶ/ር ቦጋለች የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦድዋን ሽልማት ተቀበሉ። ጥቅምት 2012 ዓ.ም. አረፉ።

እስቲ ይታሰብ። ድልድዩን ብቻ ሠርተው ቢሄዱ ኖሮ ሽማግሌዎቹ መርቀው ይሸኟቸው ነበር። ልጃገረዶቹ ግን በዚያው ድልድይ ተሻግረው ወደ ገራዧ ቤት ይሄዱ ነበር።

ድልድዩ አመኔታን አመጣ፤ ለውጡን ያመጣው ጥያቄው ነው። መንግሥት በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 621 የዘጋው ደግሞ ይህንኑ የጥያቄ በር ነበር። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በዴሞክራሲ፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታትና በፍትሕ ጉዳዮች እንዳይሠራ ተከለከለ። በተግባር ሲተረጎም፦ በውጭ ገንዘብ መስማት ለተሳነው ልጅ የምልክት ቋንቋ ማስተማር ይቻላል፤ ይህ ልጅ በሕዝብ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው ብሎ መከራከር ግን አይቻልም። ምሳውን አብላው፣ መብቱን አትንገረው!

ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነቱ ሕግ የሩሲያ ፈጠራ ይመስለዋል። የሩሲያው «የውጭ ወኪል» ሕግ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ጆርጂያ ተመሳሳዩን ያጸደቀችው በ2024 ነው፤ ትብሊሲ ላይ ሕዝብ ለሳምንታት አደባባይ ወጥቶበታል። የኢትዮጵያው ሩሲያን በሦስት ዓመት ቀድሟል። የጆርጂያው ወለል 20 በመቶ ነው፤ የኢትዮጵያው 10 ነበር።

«ያ ሕግ እኮ ተሽሯል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ። ወረቀቱ ተቀየረ፤ ፍርሃቱ ግን አልተሻረም። በ2017 ዓ.ም. ባለሥልጣኑ ካርድንና ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየውን ኢሰመጉን ጨምሮ የመብት ድርጅቶችን «ከገለልተኝነት ወጥታችኋል» በሚል አገደ። ከወራት በኋላ እገዳ ተነሣ። በዚያው ዓመት ግን ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ላይ ገደብ የሚመልስ የማሻሻያ ረቂቅ ብቅ አለ። አዲስ አበባ ላይ ጠበቃና ስም ያለው ድርጅት እንዲህ ሲሆን ያየ የሾኔ ወይም የሺንሺቾ ማኅበር ምን ይማራል? ዝም ማለትን።

ዝም አይነቅዝም ይላል ተረቱ። ይነቅዛል እንጂ! በ2016 ዓ.ም. በሀዲያ ዞን መምህራን ለወራት ደመወዝ አጥተው ትምህርት ሲቋረጥ፣ በከተማዋ ቢሮ ከከፈቱት ድርጅቶች ስንቶቹ «የወረዳዎቹ በጀት የት ገባ?» ብለው በደብዳቤ ጠየቁ? ደብተር ለማደል የተመዘገበ ድርጅት፣ ደብተሩን የሚያርመው መምህር ሳይከፈለው ሲቀር ጉዳዩ አይደለም ማለት ነው?

መንግሥት የሚያቀርበው መከራከሪያ «የውጭ ገንዘብ የውጭ አጀንዳ ያመጣል» የሚል ነው። ፍሬ ነገር የሌለው ሐሳብ አይደለም፤ ለጋሽ የሚፈልገውን እንጂ ቀበሌው የሚፈልገውን ያልሠራ ፕሮጀክት ብዙ ነው። ነገር ግን ይኸው መንግሥት ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ከዓለም ባንክና ከሌሎች ለጋሾች የተገኘ ገንዘብ ለወረዳዎች ሲያከፋፍል ኖሯል፤ አብዛኛውም የመምህርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። የውጭ ገንዘብ በመንግሥት ካዝና ሲያልፍ ልማት፣ በማኅበር ሒሳብ ሲያልፍ ግን አጀንዳ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ድርጅቶቹም ከወቀሳ አያመልጡም። ሪፖርታቸው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ ውጭ ይላካል፤ የተሠራለት ቀበሌ አንዲት ገጽ አያይም። የሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ የታሸገ ውኃ፣ አበል፣ የቡድን ፎቶ፤ «የምክክር መድረክ» ተጠናቀቀ። ጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ዕርዳታዋን ስታቆም ፕሮጀክቶች በአንድ ጀምበር ተዘጉ። ለስንቶቹ ሕዝቡ ወጥቶ «የኛ ነበሩ» ብሎ ተቆረቆረ? ለለጋሽ ብቻ መልስ ሲሰጥ የኖረ ድርጅት ለጋሹ ሲሄድ ባለቤት የለውም።

ለመሆኑ ሕዝቡ ማኅበር መምራት አያውቅም? እድር የሌለው ሰፈር የት አለ? እድር በየወሩ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ሒሳቡን በስብሰባ ያነብባል፣ ገንዘብ ያዥ ሲያጠፋ ያወርዳል። ደቡብ አፍሪካ ያሉ የሀዲያና የከምባታ ልጆች ለአስከሬን መላኪያ፣ ለሕክምና፣ ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ በቴሌግራም ግሩፕ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ማን ስንት እንደሰጠም ይጻፋል። ገንዘቡም፣ የተጠያቂነት ባህሉም አለ። ችግሩ ይህ ባህል ወረዳው በር ላይ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ መግባቱ ነው። የእድር ዳኛውን ስለ ድንኳን ኪራይ አፋጥጦ የሚጠይቅ ሰው ከደመወዙ ስለሚቆረጠው የልማት መዋጮ ሲሆን አንገቱን ይደፋል።

ስለዚህ መደረግ ያለበት ግልጽ ነው፤ ከባድም አይደለም።

አንደኛ፣ በሁለቱ ዞኖች የሚሠራ ድርጅት ሁሉ በጀቱንና ወጪውን በአማርኛ፣ በሀዲይኛና በከምባትኛ ጽፎ በሚሠራበት ቀበሌ ይለጥፍ። ራሱ ያልተጠየቀ ሌላውን መጠየቅ አይችልም።

ሁለተኛ፣ ከገንዘቡ ጥቂቱም ቢሆን ከአባላት ይምጣ። መቶ ብር ያዋጣ ሰው መቶ ብር የሚያህል ድምፅ አለው፤ ማኅበሩ ሲታገድም ዝም አይልም።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ከርክክቡ ጋር አንድ ጥያቄ ለወረዳው በጽሑፍ ያስገባ። ጉድጓድ ቆፍሮ ያስረከበ «የጥገና በጀት ስንት ተያዘ?» ይበል። ይህ ፖለቲካ አይደለም፤ እድር በየወሩ የሚያደርገው ነው።

አራተኛው ለመንግሥት ነው። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። መልስ መስጠት ያለበት ቢሮ ዛሬ በእግር ይደረስበታል። ጠያቂን ማሸማቀቅ ለሹም ጊዜያዊ ዕረፍት ይሰጠው ይሆናል፤ ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን ደመወዝ ያልተከፈለው መምህር፣ የተዘጋ ክፍል ሆኖ ይመለሳል።

ሪባን መቁረጥ ይቀጥል፣ ማንም አይቃወምም። ከመቀሱ ጋር ግን ጥያቄም ይቅረብ።