ቲቸር፣ ቁጥሩን ብመታው ምን አለበት?

ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ጋራዥ የሚሠራ። እዚያ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፣ እኔ ደግሞ እንቅልፌን ጀምሬያለሁ። አሥራ አንድ ፎቶ ልኮ ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጽፏል፦ «ቲቸር፣ ቁጥሩን ብመታው ምን አለበት?»

የመለስኩለትን መልስ ሰምታችሁ አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር ወቅሳችሁኛል። «ልጁን ከእንጀራው አፈናቀሉት» ያለኝም አለ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

መጀመሪያ መኪናው። ጃጓር ኤክስኬ 120 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አትደናገሩ። ይህ መኪና በ1948 ኦክቶበር ለንደን በተካሄደው የመኪና ትርዒት ላይ ሲገለጥ ጦርነቱ ካለቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። እንግሊዝ አሸንፋለች፣ ግን ኪሷ ባዶ ነው። ቤንዚን በራሽን፣ ብረት በኮታ። መንግሥት ብረት የሚሰጠው ምርቱን ውጭ ሸጦ ዶላር ለሚያመጣ ፋብሪካ ነበር። ኩባንያው ራሱ ስሙን የቀየረው በ1945 ነው፤ በፊት «ኤስ ኤስ» ይባል ነበር፣ ከሂትለር ሰዎች በኋላ በዚያ ስም ማን መኪና ይገዛል?

ሞተሩ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፣ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ኮቨንትሪ ከተማ በቦምብ በምትደበደብበት ዘመን የፋብሪካው ሰዎች ሌሊት በተራ እሳት ይጠብቁ ነበር። ባለቤቱ ዊልያም ላየንስ ከኢንጂነሮቹ ከሄይንስ፣ ከሃሰንና ከቤይሊ ጋር አንድ ተራ ላይ ይወጣና ሌሊቱን ሙሉ ስለሚቀጥለው ሞተር ያወራሉ። ከዚያ ወሬ የወጣው 3.4 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ከላይ ሁለት ካምሻፍት ያለው፣ 160 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ነው። ያኔ ሁለት ካምሻፍት ከላይ የሚቀመጠው በእሽቅድምድም መኪና ላይ ነበር እንጂ ማንም ሰው ሊገዛው በሚችል መኪና ላይ አልነበረም ማለት ይቻላል። ይኸው ሞተር እየተሻሻለ እስከ 1992 ድረስ ተመርቷል። ክፍል ውስጥ «ጥሩ ዲዛይን አያረጅም» ስላችሁ ትስቁ ነበር፣ አሁን ሳቁ።

የሚገርመው፣ ሞተሩ የታሰበው ለስፖርት መኪና አልነበረም። ማርክ 7 ለተባለው ትልቅ የቤት መኪና ነበር። የእሱ ቦዲ ለትርዒቱ ስላልደረሰ ከሌላ ሞዴል ሻንሲ አሳጥረው፣ ላዩ ላይ ያንን ቆንጆ ቦዲ አስቀምጠው፣ ለሞተሩ ማስታወቂያ እንዲሆን አቀረቡት። ሁለት መቶ ያህል ሠርተን እናቆማለን ብለው ነው። ሕዝቡ አላቆም አለ። የመጀመሪያዎቹ 240 ገደማ መኪናዎች በእጅ የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም በእንጨት አጽም ላይ ናቸው። ከ1950 ጀምሮ ግን ቦዲው በፕሬስ የተመታ ብረት ሆነ፤ በሮቹ፣ ኮፈኑና የኋላ ክዳኑ ብቻ አሉሚኒየም ቀሩ። እስከ 1954 ድረስ 12,000 ገደማ ተሠራ፣ አብዛኛው አሜሪካ ገባ። የ120 ትርጉም በሰዓት 120 ማይል ነው። ጋዜጠኞቹ አላመኑም። በ1949 ቤልጂየም ውስጥ ጃቤክ በሚባል አውራ ጎዳና ላይ ወስደው ፊታቸው አስነዱት፣ የፊት መስታወቱን አውልቀው 132 ማይል አለፈ። በእኛ ከ210 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ፍሬኑ ግን ከበሮ ነው፣ ሲግል ይደክማል። ያንን ፍጥነት በዚያ ፍሬን የነዱ ሰዎች ወይ ጀግኖች ነበሩ ወይ አያውቁም።

ወደ ፎቶዎቹ ልመለስ። የልጁ መኪና ክፍት ነው፣ መሪው በግራ፣ ለአሜሪካ የተሠራ፣ ባለ ብረት ቦዲው። ባለቤቱ ሞቶ ጎተራ ውስጥ ብዙ ዓመት ቆሟል። ጎማዎቹ ሁሉ ተኝተዋል። ከበሩ ሥር ያለው ብረት በልቷል፣ የኋላ ፓራፋንጎው ሥር በጣት ይበሳል። አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ሲነሳ ከሥሩ የወጣው ስቱኮ ውፍረቱ የጣት ያህል ነው፤ አሜሪካም ስቱኮ አለ ለካ! ኮፈኑና በሮቹ ግን አሉሚኒየም ስለሆኑ ዝገት አልነካቸውም። ወንበሩን አይጥ ቤት ሠርቶበታል። ሻንሲው ጤነኛ ይመስላል፣ ቀጥ ብሏል፣ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። (በነገራችን ላይ እኔና ልጁ ስለዚህ እንግሊዛዊ መኪና ስናወራ «ቴስታታ»፣ «ካምቢዮ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ባሌስትራ» እያልን ነው። ጣልያን ቢሄድም ጋራዣችን ውስጥ ቋንቋውን ረስቶ ነው የሄደው። ኮቨንትሪ ያሉት ሰዎች ቢሰሙን ምን ይሉ ይሆን?)

ችግሩ ዘጠነኛው ፎቶ ላይ ነው። በዚህ መኪና ኮፈን ሥር የፋብሪካው ፕሌት አለ፤ የሻንሲ፣ የሞተር፣ የካምቢዮና የቦዲ ቁጥር በተራ ተመቶበታል። ፕሌቱ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር በደብልዩ ይጀምራል፣ ለኤክስኬ 120 ትክክል ነው። ብሎኩ ላይ የተመታው ግን በኤ ይጀምራል። ያ የማርክ 7 ቁጥር ነው። አንድ ዘመን የመጀመሪያው ሞተር ሞቷል፣ አንድ መካኒክ ከቆመ የቤት መኪና አውርዶ ገጥሞለታል። መኪናውን ለትርፍ የገዛው ሰውዬ ደግሞ ለልጁ ያለው ይህንን ነው፦ «ብሎኩ ላይ ያለውን ቁጥር አሸው፣ ፕሌቱ ላይ ያለውን ምታበት፣ ቀለም ቀባው፣ ሥራው ሁሉ ያንተ ነው።» ቁጥሩ ከተስማማ ዋጋው በብዙ ይጨምራል። ለልጁ ደግሞ የሦስት ወር ሥራ ነው። ኪራይ አለበት፣ ሁለት ልጆች አሉት።

እኔ የመለስኩለት አንድ መስመር ነው፦ «እጅህን አታስገባ።»

የወቀሳችሁኝ ክርክራችሁ ይገባኛል። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፣ 3.4 ሊትር፣ ከአንድ ፋብሪካ። ገዢው ሀብታም ነው፣ እሁድ እሁድ ብቻ ሊነዳው፣ ማን ይጎዳል? እንዲያውም አንዱ «ቁጥር ለመኪና ምኑ ነው፣ በቁጥር አይነዳ» አለኝ። በሳቅ ነው ያነበብኩት፣ ደህና አባባል ነው። ስህተት ግን ነው።

ለምን እንደሆነ ከራሴ ልጀምር። ወጣት መካኒክ ሳለሁ አንድ ሰው አሮጌ ፊያት ቀለም ልቀባለት አመጣልኝ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ሞተር ቤቱን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ እንደ መስታወት ሆነ። ለምርመራ ሲወስደው የሻንሲ ቁጥሩ አይነበብም። ቁጥሩን የበላሁት እኔ ነኝ! ያ ሰው በሊብሬው ላይ ያለው መኪና የራሱ መሆኑን ለማስረዳት ከአንድ ዓመት በላይ ተመላለሰ። መሸጥ አልቻለም፣ ቦሎ ማደስ አልቻለም። ክፋት አልነበረብኝም፣ ባለማወቅ ነው። ሆኖም ሌሎች ሰዎች የሚያምኑትን ነገር ነው ያጠፋሁት። ያኔ ነው የገባኝ፦ ቁጥሩ የባለቤቱም የመካኒኩም አይደለም፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ሰው የተጻፈ ነው።

አሁን ደግሞ ልጁ የተጠየቀው እያወቀ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ መኪና የገዛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ 280 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደውን ቆጣሪ 80 ሺህ አድርጎ መሸጥ። በዚያ የተቃጠለ ሰው ከእናንተ መካከል ስንት ነው? «ሞተሩ ያው ሞተር ነው» ብሎ የሚያጽናናችሁ ነበር? ከሜሪላንዱ የሚለየው በዶላሩ ብዛት ብቻ ነው።

ሌላው ነገር፣ ሞተር መቀየር ራሱ ነውር አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። በ1990 ለንደን ውስጥ አንድ ታዋቂ ፍርድ ነበር፣ «አሮጌው ቁጥር አንድ» በሚባል የቤንትሌይ የእሽቅድምድም መኪና ላይ። ገዢው አሥር ሚሊዮን ፓውንድ አልከፍልም አለ፤ መኪናው ላይ ከመጀመሪያው የቀረ አካል የለም ማለት ይቻላል ብሎ። ዳኛው መረመሩና መኪናው ያው እሱ ነው አሉ። ምክንያቱም በየጊዜው ሲቀየር፣ ሲጠገን፣ ሲሠራ ታሪኩ ሳይቋረጥ አንድ ሆኖ ቀጥሏል። እኔ በዚህ ፍርድ እስማማለሁ። የልጁ ጃጓር ማርክ 7 ሞተር መሸከሙ የሕይወቱ አካል ነው፤ ያውም ያ ሞተር መጀመሪያ የታሰበው ለማርክ 7 ስለነበር የሥጋ ዘመዱ ነው። አንድ የማናውቀው መካኒክ፣ ምናልባት በ60ዎቹ፣ መኪናው እንዳይጣል ብሎ በአቅሙ አዳነው። ቁጥሩን ስታሸው የዚያን ሰው ሥራ ነው የምታጠፋው። እንደኛ ያለ ሰው ነበር።

ስለዚህ ለልጁ በማግስቱ ረዘም አድርጌ ጻፍኩለት። ዝገቱን ቁረጥ፣ ላሜራውን ቀይር፣ ስቱኮውን አውጣ፣ ፍሬኑን ከሥር ሥራ። ያልዛገውን አሉሚኒየም አትንካው፣ የመጀመሪያው ቀለም ካለበት እንዲያውም ጠብቀው። ሞተሩን «የማርክ 7 ነው» ብለህ በግልጽ ጻፍ። እንዲህ ሆኖም የሚገዛው አለ፣ በቅናሽ።

ለሰውዬው ይህንኑ ነገረው። ሰውዬው አልተከራከረም፣ በሦስተኛው ቀን ጭነት መኪና ይዞ መጣና ጃጓሩን ወሰደው። ሌላ ጋራዥ አያጣም። ልጁ ሥራውን አጣ፣ ይኼንን አልክድም፣ ቀሎኝም አላደርኩም። ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ያላችሁ፣ ፍሬንና ካምቢዮ ላይ እጁ የተመሰከረለት ሰው ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ጭነት መኪናው ከመድረሱ በፊት ግን ብሎኩን በጨርቅ ጠርጎ፣ ቁጥሩን በባትሪ አብርቶ፣ አጠገቡ የዕለቱን ጋዜጣ አስቀምጦ አንድ ፎቶ አንስቷል። ይህንን እኔ አላስተማርኩትም። ፎቶው እኔም ዘንድ አለ።