ሳሩ ላይ የሌለው መስመር

በቀጥታ ስርጭት ላይ ከሚደረቡት ጽሑፎችና ሥዕሎች ሁሉ ተመልካች አጥብቆ የሚያምነው የተደረበ የማይመስለውን ነው። ማዕዘን ላይ የተለጠፈውን የውጤት ሰሌዳ ማንም ከሜዳው ጋር አያምታታውም፤ ቢሳሳትም «ተሳሳቱ» ብለን እናልፋለን። ሳሩ ላይ ተጋድሞ ተጫዋቹ የሚረግጠው የሚመስለው መስመር ግን ሌላ ነው። እንደ ሜዳው አካል ስለምናየው፣ ማን እንዳሰመረውና ምን ያህል እርግጠኛ ሆኖ እንዳሰመረው መጠየቅ ትዝ አይለንም።

ይህን በደንብ የሚያሳዩት ሁለት የአሜሪካ ሥራዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፎክስ ቴሌቪዥን የበረዶ ሆኪ ተመልካቾች ትንሿን ጥቁር ፓክ መከተል ይቸግራቸዋል ብሎ በውስጧ የኢንፍራሬድ ጨረር አመንጪዎች አስቀበረ። ፓኳ በስክሪኑ ላይ በሰማያዊ ጭጋግ ተከብባ ታየች፤ በኃይል ስትመታ ደግሞ ቀይ ጭራ ታስከትላለች። የሆኪ ወዳጆች ጠሉት፤ የልጆች ካርቱን አስመስላችሁብናል አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀረ።

በዚያው ዓመት፣ በ1998 መስከረም ወር፣ ከሆኪው ሥራ የወጡ መሐንዲሶች ያቋቋሙት ስፖርትቪዥን የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላይ ቢጫ መስመር ይዞ መጣ። የእኛ ሰው ይህን ስፖርት እምብዛም አያይም። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ መሄድ አለበት፤ መስመሩ የት ድረስ መድረስ እንዳለበት ያሳያል። ተመልካቹ ወዲያው ወደደው። ምክንያቱም መስመሩ ከተጫዋቾቹ እግር ሥር ያልፋል።

ያንን ለማድረግ የሚጠይቀው ሥራ ቀላል አይደለም። ከጨዋታው በፊት የሜዳው ቅርጽ በሌዘር ይለካል፤ ጠፍጣፋ የሚመስለው ሜዳ የዝናብ ውሃ እንዲወርድ መሃሉ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነውና። ካሜራው ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሲዞር፣ ሲያቀርብና ሲያርቅ የሚመዘግቡ መለኪያዎች ይገጠሙለታል። ከዚያ ኮምፒውተሩ የትኛው ቀለም ሳር፣ የትኛው ማሊያ እንደሆነ ይነገረዋል፤ ሳር ያለውን ብቻ ቢጫ ይቀባል፣ ሌላውን ይዘላል። ሜዳው ሲጨቀይ ወይም አረንጓዴ ለባሹ ግሪን ቤይ ፓከርስ ሲገባ ባለሙያዎቹ መከራቸውን ያያሉ። ቀለሙን መለየቱና መቀባቱ በሰከንድ 30 ጊዜ ይደገማል። ነገር ግን ዳኞቹ ርቀቱን የሚለኩት በሰንሰለት ነበር እንጂ በዚያ መስመር አልነበረም። መስመሩ ግምት ነበር፤ ቢሳሳት የሚጎዳው ሰው አልነበረም።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ2019 ቫርን (የቪዲዮ ረዳት ዳኝነትን) ሲያስገባ ግን ከጨዋታ ውጪን የሚለካው መስመር ከአጋዥነት ወደ ፈራጅነት አደገ። በመጀመሪያው ሳምንት ማንቸስተር ሲቲ በዌስትሃም ላይ ያገባው አንድ ግብ ራሂም ስተርሊንግ በትከሻው ከጨዋታ ውጪ ነበር ተብሎ ተሰረዘ። በየዲኤስቲቪ ቤቱ ዳኛ የሚራገም ሞልቶ ነበር፤ መስመሩን የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነበር። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ካሜራው በሰከንድ 50 ምስል ቢያነሣ፣ በሁለት ተከታታይ ምስሎች መካከል 0.02 ሰከንድ አለ። በሰከንድ 9 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚያች ቅጽበት 18 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ተከላካዩ በተቃራኒው እየወጣ ከሆነ ልዩነቱ ይብሳል። ኳሷ ከአቀባዩ እግር የተነካችው በሁለቱ ምስሎች መካከል ከሆነ ትክክለኛውን ቅጽበት ያነሣ ምስል የለም። ቫር ላይ የተቀመጠው ሰው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ ከዚያ በመረጠው ላይ የክር ቅጥነት ያለው መስመር ያሰምርበታል። ልኬቱ እስከ ስንት እንደሚሳሳት በመስመሩ ወርድ ላይ አይታይም።

ሊጉ ራሱ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። በ2021/22 የውድድር ዘመን መስመሮቹን አወፈራቸው፤ ከተደራረቡ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ አይደለም ተባለ። ሙሉ መፍትሔ ባይሆንም ለጥርጣሬ ቦታ የሰጠ ሥዕል ነበር።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። በ2022 በኳታር የዓለም ዋንጫ 12 ካሜራዎች ከስታዲየሙ ጣሪያ ሥር ሆነው የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የሰውነት ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ሲከታተሉ፣ በኳሷ ውስጥ ያለው መሣሪያ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልክ ነበር። የቅጽበት ምርጫው ችግር በብዙ ተቃለለ። ለተመልካቹ የሚቀርበው ግን ሳር ላይ የተሰመረ መስመር ሳይሆን ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሣለ ሜዳና የተሣሉ ተጫዋቾች ናቸው። ፕሪሚየር ሊጉም በ2025 ሚያዝያ ወደዚህ ዓይነቱ አሠራር ገባ።

እኔ ሥዕሉን ከሳሩ መስመር እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ሥዕል መሆኑን አይደብቅም። የጎደለው ግን ያው የድሮው ነው። ልኬቱ የሚሳሳትበትን መጠን በደብዛዛ ጠርዝ ማሳየት ይህን ሁሉ ለሚሥል ኮምፒውተር ከባድ ሥራ አይደለም። የማይደረገው፣ እንደሚመስለኝ፣ ደብዛዛው ጠርዝ ክርክሩን መልሶ ስለሚከፍት ነው፤ ቫር የመጣው ደግሞ ክርክሩን ሊዘጋ ነበር።