«ለምን ታያላችሁ?» ለሚሉንና «እንካችሁ እዩ» ለሚሉን

ለዚህ መጽሔት ከቀረቡት ጽሑፎች መካከል ሁለት አስፈሪ አጫጭር ልቦለዶች ነበሩ። አንዱ ስለ ሬሳ አጣቢ ነው፤ ሌላው ሌሊት ሌሊት ከውጭ ስለሚጠራ ድምፅ። በንባብ ክበባችን ሲነበቡ ከፊሉ አድማጭ ተሳቀቀ፣ ከፊሉ «ቀጥል! ቀጥል!» አለ። በመጨረሻ «የበሽተኛ አእምሮ ውጤት ነው፤ ለተማሪ አይበጅም» የሚሉት በለጡና ሁለቱም ወደ ጎን ተደረጉ። ይሁን፤ ድምፅ ድምፅ ነው። እኛን ያስቆጣን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው ምሽት፣ ከእነዚያው ሰባኪዎች መካከል ጥቂቶቹ፣ ሰው ሲገደል የሚያሳይ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲያቀባብሉ አየናቸው። ከላዩ «ልበ ደካሞች እንዳታዩ» ይላል። ይህን ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ የሚያምን ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! ግብዣ ነው እንጂ።

እንግዲህ ክርክራችን ከሁለት ወገን ጋር ነው፤ ጉዱ ሁለቱ ወገኖች አንዳንዴ አንድ ሰው መሆናቸው ነው።

«በሽታ ነው» ለሚሉን በቅድሚያ የምንላቸው፣ በሽታ ከሆነ ያልታመመ ሰው የለም። ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» አራተኛ መጽሐፍ ሊዮንቲዮስ ስለሚባል ሰው ይተርካል። ሰውየው ከፒሬዎስ ወደብ ወደ አቴና ሲወጣ በግንቡ ሥር፣ ሞት ፈጻሚው አጠገብ፣ የተጋደሙ ሬሳዎች ያያል። ማየት ይፈልጋል፤ በመፈለጉም ራሱን ይጸየፋል። ፊቱን ሸፍኖ ሲታገል ይቆይና በመጨረሻ ተሸንፎ፣ የገዛ ዓይኖቹን እየረገመ፣ ወደ ሬሳዎቹ ይሮጣል። ታሪኩ ከተጻፈ 2,400 ዓመት ገደማ ሆነው። ሊዮንቲዮስ ስልክም ሲኒማም አልነበረውም፤ ዓይን ብቻ ነበረው።

የፕላቶ ተማሪ አሪስቶትል ነገሩን ከመምህሩ በተሻለ ተረድቶታል እንላለን። በእውን ብናያቸው የሚያስጨንቁንን ነገሮች፣ ሬሳን ሳይቀር፣ በጥሩ ሥዕል ሲቀርቡልን በደስታ እናያቸዋለን ይላል፤ ምክንያቱም ሰው መማር ደስ ይለዋል። እኛም ይህን ለማወቅ ግሪክ መሄድ አላስፈለገንም። የአያ ጅቦን ተረት ከአያቱ ጋቢ ሥር ተወሽቆ የሰማ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ልብ ድው ድው ይላል፣ እግር ይሰበሰባል፣ ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ «እንደገና ንገሪኝ!» ይባላል። ጅቡ በተረት ውስጥ ነው፤ ጋቢው ግን እውነተኛ ነው። ፖል ሮዚን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎች የሚያቃጥል ምግብ ለምን እንደሚወዱ ሲያጠና የደረሰበትም ከዚህ አይርቅም። አካል «አደጋ!» ብሎ ይጮኻል፣ አእምሮ አደጋ እንደሌለ ያውቃል፣ ደስታው የሚመጣው ከዚህ አለመግባባት ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ እጁን ወደ ሚጥሚጣው መልሶ የሚሰድ ሰው መቼም ለዚህ ማስረጃ አይጠይቀንም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ አስፈሪ ፊልም የሚያዘወትሩ ሰዎች በኮሮና ወረርሽኝ ወራት ከሌሎቹ ያነሰ የመንፈስ ጭንቀት እንደተሰማቸው ዘግቧል። ሰዎቹ ስለ ራሳቸው በሰጡት መልስ ላይ የቆመ ስለሆነ ብዙ አንመካበትም። ቢሆንም ፍርሃትን በልቦለድ መለማመድ ሰውን ያበላሻል ለሚሉት ጥሩ መልስ አይደለም? ሬሳ አጣቢዋን የጻፈው ልጅ ማንንም አልገደለም፤ የፈራነውም፣ የተማርነውም እኛው ነን።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። «አንተው ራስህ ማየት ተፈጥሮ ነው አልክ፤ ታዲያ ምን አገባህ?» ይሉናል። አዎ፣ የዓይንን ነገር ተፈጥሮ ብለናል። የጣት ነገር ግን ሌላ ነው። አጋራ የሚለውን ሲጫን ሊዮንቲዮስ የለም፤ ትግልም የለም። በዚያ ላይ ቪዲዮውን ማን ሠራው? በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ገድሎ ፊልሙን አሠራጨ። ካሜራ ተጠምዶ፣ ምስሉ ተመርጦና ተቀናብሮ የቀረበ ነበር። ለእኛ ዓይን ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ቂርቆስ ሰፈር ለልጆቹ ድንኳን ጥሎ ሲያለቅስ፣ ያንኑ ፊልም እየተቀባበለ ያይ የነበረ ሁሉ ገዳዩ ያሰበውን እየፈጸመለት ነበር። ያለ ደመወዝ!

ይህ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ሬሳ መንገድ ላይ የሚጣለው፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ የሚለጠፍበት፣ ቀባሪ ጠፍቶ አልነበረም። አላፊ አግዳሚው እንዲያይ ነው። ብዙ ቤተሰብ ማልቀስ ሲከለከል፣ ማየት ግን ለሁሉም ተፈቅዶ ነበር። ይህን ልዩነት ልብ በሉልን።

«ዓለም እንዲያውቅ ነው የምናጋራው» የሚል መልስ አለ። ቀላል መልስ አይደለምና አንንቀውም፤ ምስል ወንጀለኛን ያጋለጠበት ጊዜ አለ። ግን እንጠይቃለን። የሟቹን ስም ታውቃለህ? ቦታውን፣ ቀኑን? የላክኸው ለማን ነው? ከኳስ ውጤትና ከቀልድ መካከል ለተወሸቀ ቪዲዮ ምስክርነት የሚል ስም መስጠት ምስክርነትን ማርከስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ማንነታቸው ያልታወቀ ሬሳዎች ዘመድ እንዲለያቸው ከመስታወት ጀርባ ይቀመጡ ነበር። ዓላማው ደግ ነው። ሕዝቡ ግን እንደ ቲያትር ይጎርፍ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ለተመልካች ተዘጋ። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ዳር በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም አጥንት በመስታወት ውስጥ አለ። ነገር ግን ግድግዳው በሟቾቹ ፎቶግራፍ የተሞላ ነው፤ በሕይወት ሳሉ የተነሷቸው ናቸው፣ ብዙዎቹ የእኛ እኩዮች። እዚያ የገባ ሰው «ይሄማ ቀላል ነው፣ ሌላ የባሰ የለህም?» ሲል አልሰማንም። ዶርም ውስጥ ግን ሰምተናል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለቱ ልቦለዶች በሚቀጥለው ዕትም ይውጡ፤ ያስፈሩን። ቪዲዮውን የሚያቀባብል ጓደኛችን ሲመጣ ደግሞ ስልኩን ከመቀበላችን በፊት የሟቹን ስም እንጠይቀው። በዚህ የማይስማማ ካለ ሐሳቡን በጽሑፍ ያምጣ፤ ገጽ አናሳጣውም።