"ነፋስ ይመታታል" ብለን የዘጋነው በር



ዛሬ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ራሴ ቤት ልጽፍላችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር "ዶክተር፣ ሰው እያስታመምኩ እኔም ልታመም ነው፣ ምን ላድርግ?" ትሉኛላችሁ። እስካሁን መልሴ "አይዞሽ፣ በርቺ" ነበር። ይህ መልስ እንደማይበቃ የገባኝ በራሴ ሲደርስ ነው።

እናቴን ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና እግሯ ደከሙ፣ ንግግሯም ተያዘ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ቀን ቀን ታላቅ እህቴ ታስታምማለች፣ ማታ እኔ እተካለሁ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር የሚባለው አንድ ነው፦ "ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ነፋስ ይመታታል!" እኛም ዘጋን። ሐኪም ሆኜ እንኳ ከዘመድ ጋር መከራከሩ ደከመኝና ዝም አልኩ።

እናቴ ስምንት ወር ሙሉ ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ሆነች። ቀን ታንቀላፋለች፣ ሌሊት ዓይኗ ፈጦ ያድራል። ምግብ ቀነሰች፣ ቁጡ ሆነች። እኔና እህቴም በትንሽ በትልቁ መነታረክ ጀመርን።

አንድ ቀን ሥራ ቦታ አንዲት ነርስ እንደ ቀልድ ግፊቴን ለካችኝ፦ 160/100። አሳርፋ ደግማ ለካች፣ ያው ነው። ለእናንተ "በየጊዜው ተለኩ" የምለው ሰውዬ፣ ራሴ ከተለካሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር! ማታ ለእህቴ ስነግራት እንባዋ መጣ። "አንተስ ሥራ ብለህ ትወጣለህ። እኔ ሰማይ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት ተስማማን። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ከእናቴ ጋር እሆናለሁ፣ እህቴ ትወጣለች። እሑድ ደግሞ እንቀያየራለን። እሷ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን መረጠች፤ ከ700 ሄክታር በላይ የሆነ፣ ጽዱና ወይራው ያለበት ቦታ ነው። እኔ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። ለእናቴ ደግሞ በረንዳውን ከፈትንላት። ባዶ የዘይት ጄሪካን ቆርጠን አፈር ሞላንና ጤና አዳምና በሶብላ ተከልን። ጋቢዋን ደርባ ጠዋት ጠዋት እዚያ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ቀን በግራ እጇ ጤና አዳሙን ቀንጥባ አሸተተችና "ቡና የለም እንዴ?" አለች። ቃሉ ተቆራርጦ ነው የወጣው፣ ግን ገባን። ሦስታችንም ሳቅን። ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነበር!

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ስትሮክ የሚመጣው የአንጎል የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው፤ ነፋስ አያመጣውም። ዋናው መንስኤ ደም ግፊት ነው። የጠዋት ብርሃን ደግሞ የሰውነታችንን ሰዓት ስለሚያስተካክል የሌሊት እንቅልፍን ያግዛል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚውል በሽተኛ ቀንና ሌሊቱ ቢምታታበት አይገርምም።

እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች፣ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነው የወሰዱት። በ46 ሰዎች ላይ የተሠራ ትንሽ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ ወደ 20,000 ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች ስለ ጤናቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው አሳይቷል። ይህም ቢሆን ግንኙነቱን ነው የሚያሳየው፤ ጤነኛ ሰው ቀድሞውንም ብዙ ይወጣ ይሆናል።

ስለዚህ አላጋንንም። ዛፍ ስትሮክን አያድንም። የእናቴ ቀኝ እጅ ዛሬም አልተመለሰም። እኔም እንጦጦ ስለወጣሁ ኪኒኔን አላቆምኩም፣ በየቀኑ እወስዳለሁ። እኔና እህቴም አንዳንዴ እንነታረካለን። ግን ከእግር ጉዞ የተመለሰ ሰው ሲጣላ እንኳ ቶሎ ይታረቃል፤ ይህን በቤቴ አይቻለሁ።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ አስታማሚ አየር መቀበሉ ቅንጦት አይደለም፣ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ቤተሰብ ተራ ሊያወጣለት ይገባል። ጠያቂ ወገኖቼም፣ ብርቱካን ይዛችሁ ስትመጡ እግዜር ይስጥልን፤ በሚቀጥለው ግን "እኔ ሁለት ሰዓት ልቀመጥላችሁ፣ እናንተ ውጡ" በሉ። ከብርቱካኑ ይበልጣል።

ልብ በሉ፦

✔ በሽተኛ ስታወጡ የጠዋቱን ፀሐይ ምረጡ፣ ደርቡለት፣ ውኃ ስጡት፣ እንዳይወድቅ ደግፉት።
✔ እንጦጦ ከፍታው ብዙ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከመውጣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ሜዳ ላይ መጀመርም ይቻላል።
✔ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የእግር ጉዞ ብቻ አይበቃም፤ ባለሙያ ጋ ሂዱ።
✔ አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ድንገት ከደከመ ወይም ንግግር ከተያዘ፣ አንድ ደቂቃ ሳታባክኑ ወደ ሆስፒታል!

እናንተ ቤት ውስጥ ሰማይ ካየ የቆየው ማነው? ዛሬውኑ ጠይቁት። መልሱ "እኔ" ከሆነም አትፈሩ፣ ለቤተሰቦቻችሁ ንገሩ።