ዜግነትና የመዝገብ ብዕር

አገር ለምን ይቆማል? ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ባንዲራውንና ድንበሩን ያሳያል። በወደብና በድንበር ከተማ የሚኖር ሹምና ነጋዴ ግን ጥያቄውን በሌላ መልክ ያውቀዋል፤ የዕቃ ማለፊያና የንግድ ፈቃድ በተጻፈ ቁጥር ባለጉዳዩ የማን ዜጋ እንደ ሆነ ይጠየቃልና።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴራሲዮን እንድትጣመር ሲወስን፥ ስለ ዜግነት የጻፈው አንቀጽ ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው። በመላው ፌዴራሲዮን አንድ ዜግነት እንዲኖር ተደነገገ። በኤርትራ የተወለደና ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ ቢያንስ አንዱ የአገሩ ተወላጅ የሆነ ነዋሪ የፌዴራሲዮኑ ዜጋ ሆነ፤ ነገር ግን የውጭ ዜግነት ቢኖረው፥ የኤርትራ ሕገ መንግሥት ከጸና በኋላ በ6 ወር ውስጥ የፌዴራሲዮኑን ትቶ የቀድሞውን ለመያዝ ነጻ ነበረ። ከውሳኔው በፊት 10 ዓመት በኤርትራ የኖረ የውጭ አገር ሰውም፥ ሌላ የመኖሪያ ዘመን ሳይጠበቅበት ዜግነት እንዲጠይቅ ተፈቀደለት። ፌዴራሲዮኑ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፈርሷል፤ በአፈራረሱም ላይ ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ቢሆንም ያ አንቀጽ ሰውዬው ራሱ እንዲመርጥ፥ ለመምረጫውም ጊዜ እንዲያገኝ አስቦለት ነበር።

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻነትን በሕዝብ ድምፅ ስትመርጥ፥ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ብዙ የኤርትራ ተወላጆችም ተመዝግበው ድምፅ ሰጡ። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ፓስፖርት መጓዛቸውን፥ በኢትዮጵያ የንግድ ፈቃድ መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ የትኛውን ዜግነት ትይዛላችሁ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ያው የድምፅ መዝገብ ማስረጃ ሆነባቸው፤ ቤታቸውንና ሱቃቸውን ትተው የተባረሩት ብዙዎች ናቸው። በኤርትራ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ታሥረዋል፥ ተባረዋል። በሄግ የተሰየመው የካሳ ኮሚሲዮን ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፥ ለድምፁ የተመዘገቡት ሰዎች የኤርትራን ዜግነት ቢያገኙም የኢትዮጵያውን እንዳላጡ ወሰነ። በጸጥታ ምርመራ ተለይተው የተባረሩትን ኢትዮጵያ ዜግነታቸውን መንሣቷን ተቀብሎ፥ ያለ ምርመራ፥ በአገር ውስጥ ከቀሩት ሳይቀር፥ መንሣቷን ግን ሕገ ወጥ ብሎታል። ኤርትራንም በኢትዮጵያውያን ላይ ስላደረሰችው በደል ተጠያቂ አድርጓታል።

በሁለት መዝገብ የተጻፈ ስም ሁለት ጠባቂ ሊያስገኝ ሲገባው፥ ለባለቤቱ ጥርጣሬን አተረፈለት። ድንበርን ወታደር ይጠብቀዋል፤ ሰው ሲከሰስና ሲፈናቀል «ይህ የእኛ ነው፤ ቃሉ ይሰማ» የሚል ግን መንግሥት ብቻ ነው፤ ግብር የሚከፈለውም፥ ሹምም የሚሾመው ለዚህ አይደለምን? የፍርዱ ጽሑፍ የወጣው ሱቁ ከተዘጋ፥ ቤተሰቡም ከተለያየ ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ስምን ከመዝገብ ለመሰረዝ ብዕር የሚያነሣ ሹም፥ ባለስሙን አስጠርቶ መልሱን ይስማ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጠው፤ ይግባኝ የሚልበትንም ጊዜ ይወስንለት። በ1943 ዓ.ም. የተጻፈው አንቀጽ ለምርጫው ብቻ 6 ወር ሰጥቶ ነበር።