«የላከልኝ ወንድሜ ነው» ዋስትና አይሆንም

ወገኖቼ፣ እዚህ ካምፓላ ዳታ ለመቆጠብ ብዙዎቻችን አፕ የምንቀበለው ከጓደኛ ስልክ ወይም ከቴሌግራም ነው። ስልኩ ሲያስጠነቅቀን «ፍቀድ» ብለን እናልፋለን። ይህ ልማድ መቆም አለበት።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ያወጣውን አስታውሱ። በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ሊንክ በኢሜይል ይላክ ነበር፤ ቪዲዮውን ለማየት «አዶቤ ፍላሽን አድሱ» ይላል። አብሮ የሚገባው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ነበር።

ያ በኮምፒውተር ነው፤ በስልክም ብልሃቱ ይሠራል። አንድሮይድ አፕ ሲያድስ የሠሪውን ዲጂታል ማኅተም ያመሳክራል። ፋይሉ ከተነካካ ወይም ማኅተሙ የሌላ ሰው ከሆነ «አልጭንም» ይላል። እኛ ግን ዋናውን አጥፍተን የተላከልንን እንጭናለን። የሚያመሳክርበት ስለሌለው ስልኩም ይቀበላል።

ወንድምህ ታማኝ ነው፤ ፋይሉን ግን እሱም ከሌላ ነው የተቀበለው። ስልካችን ውስጥ የስደተኝነት ወረቀታችን፣ አገር ቤት ያሉ ቤተሰቦቻችን ቁጥርም አለ። ፕሌይ ስቶርም ፍጹም አይደለም፤ ቢሆንም ከዚያ አውርዱ። ዳታ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። የእናቶቻችን ደኅንነት ግን ይበልጣል።

ለቤተሰብ ሼር አድርጉት።